ጭንቅላቱ የጠፋ አጥንት ለማየት ወደ ቀራንዮ

ከቱሉ ቦሎ ተነሥቶ አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ ሰው ስለ ቤተ መንግሥቱ፣ ስለ ጊዮርጊስ፣ ስለ ኤሌክትሪኩ ያወራል። እኔ ከነዚህ አንዱንም አላየሁም። ያየሁት ጭቃ፣ ካራቢኜሪ የሚሏቸው የጣሊያን ፖሊሶች ጣቢያ ጓሮና ጭንቅላት የሌለው አጥንት ነው። ይሁን እንጂ ጎረቤቶቼ «እስቲ ንገረን» እያሉ ሰላም ነሱኝ። የነገርኳቸው ሁሉ ደግሞ በየፊናቸው እየጨመሩበት፣ አሁን ታሪኩ እኔ ከአንድ የጣሊያን ጄኔራል ጋር በቢላ እንደተሞሻለቅኩ ሆኗል። ስለዚህ እውነቱን በወረቀት ላሰፍረው ተነሣሁ። ጣሊያንም ስለወጣ አሁን መጻፍ ይቻላል።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ልናገር። ብልት አውጪ ነኝ። ለቅርጫ የታረደ በሬ እኩል እኩል የሚከፋፈለው በእኔ እጅ ነው። ቢላዬ አጥንት አይመታም፤ መጋጠሚያውን ፈልጎ ያልፋል። ጭንቅላት የእኔ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም። ጭንቅላት ቀንድ አለው፣ ጥርስ አለው፣ ማንነቱን ራሱ ይናገራል። ከአንገት በታች ያለውን ለማወቅ ግን እኔን መጥራት ያስፈልጋል። በቱሉ ቦሎ ይህን የማይቀበል ሰው ካለ ተደብቆ ነው የሚኖረው።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ክረምት መግቢያ፣ በሰኔ ጾም፣ ሥራ ፈትቼ ደጄ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ካሚዮን ቆመና ረዳቱ ደብዳቤ ወረወረልኝ። ከእህቴ ከአስካለ ነው። አስካለ ቀራንዮ መድኃኔዓለም አጠገብ ትኖራለች፤ ባልዋ ገብሬ ጨውና በርበሬ ይነግዳል። ደብዳቤው እንዲህ ይላል። ጣሊያኖች በገብሬ አጥር ጥግ የመንገድ ቦይ ሲያስቆፍሩ የትልቅ እንስሳ አጥንት ወጣ። ሠራተኞቹ ልብ ሳይሉ የፊቱን በኩል፣ ጭንቅላቱንም ጭምር፣ ከአፈሩ ጋር ዝቀው መንገዱ ውስጥ ሞልተውታል፤ ድንጋይ ተነጥፎበት ተዳምጧል። ከሁለት ክረምት በፊት አንዲት የጦሩ በቅሎ ጠፍታ ስለነበር «ሰርቀህ፣ ገድለህ፣ ቀብረሃል» ብለው ገብሬን አሰሩት። እሱ የበሬ አጥንት ነው ይላል። የጣቢያው ሹም ዓርብ ይፈርዳል። ለሌላ ሌባ ባለፈው የፈረደው ስቅላት ነበር። «ጋሼ፣ ይምጡና በሬ መሆኑን ይመስክሩልኝ፤ አጥንት ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል» ብላ ትጨርሳለች።

እህቴ ስለ ባልዋ ነፍስ ነው የምትጽፈው። እኔ ግን «ከእርስዎ በላይ ማን ያውቃል» የምትለዋን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኳት። ኃጢአቴን አልደብቅም።

ማክሰኞ

ጎህ ሲቀድ ቢላዬን በቆዳ ጠቅልዬ፣ ቆሎ ቋጥሬ፣ ለክርስትና ብቻ የማደርገውን ጫማ አድርጌ ወጣሁ። ጫማ ማድረጌ የመጀመሪያው ስሕተት ነበር። የበቾ ሜዳ ጭቃ የእኛ የራሳችን ጭቃ ነው፣ አውቀዋለሁ፤ ያደግኩበት ነው። ግን በባዶ እግር ነበር የምንተዋወቀው። ጫማ አድርጌ ሳየው እንደ ባዕድ ቆጠረኝ መሰለኝ፣ ገና ቀትር ሳይሆን የግራ ጫማዬን ዋጠው። ክንዴን እስከ ብብቴ ከትቼ ፈለግኩ። ሠላሳ ዓመት ሥጋ ውስጥ አጥንት ስፈልግ የኖርኩ ሰው አንድ ጫማ ጭቃ ውስጥ ማግኘት አቃተኝ።

አስጎሪ የደረስኩት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ኦቦ ጉደታ የሚባሉ ገበሬ ከደጃቸው ሆነው አንድ እግሩ በጫማ፣ አንድ እግሩ በጭቃ የሚያነክስ ሰው ሲመጣ አይተው ሳይጠይቁ ገቡና ውኃ ይዘው ወጡ። እንግዳ ሆኜ እግሬን ራሳቸው አጠቡኝ። በእኛም አገር እንግዳ እግሩ ይታጠባል፤ ግን የእኔን ያህል የቆሸሸ እግር ይዞ የመጣ ቢሆን መጀመሪያ እንጠይቀው ነበር።

ባለቤታቸው አዴ ቦንቱ ጭኮ አቀረቡልኝ፤ በቅቤ የራሰ፣ ሽታው ከደጅ የሚጠራ። «ጾም ነኝ» አልኳቸው። ተቀየሙ። ኦቦ ጉደታ «ለመሆኑ ሥራህ ምንድነው?» አሉኝ። ሥጋ ቆራጭ ነኝ አልኩ። ባልና ሚስት ተያዩና እስኪደክማቸው ሳቁ። አዴ ቦንቱ ቅያሜያቸውን ረስተው ኑግ ከቆሎ ጋር አመጡልኝ። እኔም ውለታ ለመመለስ ስለ አጥንት ማስተማር ጀመርኩ። የበሬ ጎድን በግራ አሥራ ሦስት፣ በቀኝ አሥራ ሦስት መሆኑን፣ የበሬ ቅልጥም ታችኛው ጫፉ ለሁለት የተከፈለ መሆኑን ነገርኳቸው። ዳሌ ላይ ስደርስ ኦቦ ጉደታ አንኮራፉ።

በማለዳ «ነጋ ቡልቴ?» ብለው ደኅና ማደሬን በኦሮምኛ እየጠየቁ ቀሰቀሱኝና ከጠፍር የተሠራ አንድ ጫማ ሰጡኝ። አንድ ብቻ ነው፤ ሌላውን ውሻ በልቶባቸዋል። የግራ እግር መሆኑ ተአምር ነው።

ረቡዕ

ከአስጎሪ እንደወጣሁ ካሚዮን ደረሰብኝና ጣሊያናዊው ሾፌር በእጁ ጠራኝ። እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው ብዬ ከጀርባው ካሉት በርሜሎች መሃል ወጣሁ። ሰብታን በቀትር አያታለሁ ብዬ አሰብኩ። ተፍኪ ሳንደርስ ካሚዮኑ እስከ ሆዱ ሰመጠ። ሾፌሩ ወረደ፣ ጎማውን አየ፣ እናቱን ጠራ፣ ከዚያ እኔን ጠራ። ለካ ያሳፈረኝ ለዚህ ኖሯል።

ስገፋ ዋልኩ። ጎማው በዞረ ቁጥር ጭቃው ፊቴ ላይ ይለጠፋል። ከኋላችን የተነሡ የእንሰት ጭነት ያላቸው ሰዎች «በርታ» እያሉን አለፉ፤ አንዲት አህያ እንኳ ዞር ብላ አይታን ሄደች። በመጨረሻ ሰባት ገበሬዎች መጥተው በገመድ ጎትተው አወጡን። ሾፌሩ ደስ ብሎት ከመቀመጫው ሥር ስካቶላ የሚሉትን የታሸገ ቆርቆሮ አውጥቶ በቢላ ከፈተና ሥጋ አቀረበልኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። ሆዴን እያሳየ፣ ሥጋውን እያሳየ ለመነኝ። በእጄ ጥርሴን፣ ከዚያ ሰማዩን አሳየሁት። ጥርሴን ያመመኝ መሰለው፤ አዝኖ ጉንጬን ዳበሰኝና ብቻውን በላው። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉው መንገዱ ነው።

ሰብታ ያደርኩት ቤርጎ በሚሉት ቤት ነው። ቤርጎ ማለት ሰው ተኝቶ የሚበላበት ቤት ነው፤ የሚበላው ግን ተኚው ነው። የቱሉ ቦሎ ቁንጫ ጨዋ ነው፣ ነክሶ ይሄዳል። የሰብታው ቤተሰቡን ጠርቶ ይመጣል። ባለቤቲቱ ጠዋት ፊቴን አይታ አዘነችልኝና የሽሮ ፍትፍት በነጻ አበላችኝ፤ «ንክሻው ከሩቅ ይታያል» አለች።

ሐሙስ

ዓለም ገና ኬላ ላይ ወታደሮቹ ዕቃዬን ፈቱ። ቢላዬን ሲያዩ ተንጫጩ። ብልት አውጪ መሆኔን ለማስረዳት በገዛ ራሴ ገላ ላይ መጋጠሚያዎቹን እያሳየሁ «እዚህ፣ ከዚያ እዚህ፣ ከዚያ እዚህ» አልኩ። አሁን ሳስበው ለእነሱ ሰውን እንዴት እንደምቆራርጥ ያብራራሁ ሳይመስላቸው አልቀረም። ቢላዬን ወሰዱ። ወጣቱ ወታደር ወዲያው እንጨት ይልግበት ጀመር። ያ ቢላ የአባቴ ነበር፤ እንጨት ነክቶ አያውቅም። ዕንባ ዕንባ አለኝ። ግን እነሱ ጠብመንጃ አላቸው፣ እኔ ሁለት ዓይነት ጫማ አለኝ።

ወደ ቀራንዮ ስቃረብ አገሩ ሌላ ሆነ። እኛ ጋ ሰማዩ ሜዳው ላይ ይተኛል፤ እዚያ ግን ባሕር ዛፉ ሰማዩን ሸፍኖታል። ቤቱ ተጠጋግቶ የተሠራ ስለሆነ የአንዱ ቤት ጭስ በሌላው ቤት መስኮት ይገባል። ሰዉም ሲናገር ይፈጥናል፤ ሰላምታውን ሳልመልስ አልፎኝ ይሄዳል። አዲሱ መንገድ ነጭ ጠጠር ለብሶ በገብሬ አጥር ጥግ ያልፋል። ቆሜ አየሁት። እዚያ ሥር አንድ ጭንቅላት አለ፤ ካሚዮኖች ይሄዱበታል።

አስካለ ስታየኝ አንገቴ ላይ ተጠመጠመችና አለቀሰች። «ጋሼ፣ ምነው ፊትዎ?» አለችኝ ቀና ብላ። ቁንጫ ነው አልኳት። «ጫማዎትስ?» ጭቃ ነው አልኳት። «ቢላዎትስ?» ወሰዱት አልኳት። መልሳ አለቀሰች፤ ባልዋን ለማዳን የመጣው ሰው ይህ ነው።

«በሬ ነው አይደል፣ ጋሼ?»

«ገብሬ በሬ ነው ካለ በሬ ነው። ነገ አጥንቱን በእጄ ስይዘው አልቋል። ባልሽ ቅዳሜ ቤቱ ይውላል።» እንዲህ ነው ያልኳት። ምላሴን በቆረጠው።

ለፍተሻ የመጡት ወታደሮች በሯን ሰብረው ስለነበር ጎረቤቷ ሐጂ ከማል ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ። ሐጂ ከማል ለጣሊያኖች አትክልት እያቀረቡ ቋንቋቸውን የለመዱ ሽማግሌ ናቸው፤ በነገታው የሚያስተረጉሙልንም እሳቸው ነበሩ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይነባ የክርስቲያን ጾመኛ በቤታቸው ሲያድር የመጀመሪያቸው ስለሆነ ጭንቅ ውስጥ ገቡ። ቅቤ ያልነካው ድስት ቤት ውስጥ የለም። ከሰዓት በኋላ በዝናብ ገበያ ወጥተው አዲስ ድስት፣ አዲስ ማማሰያ፣ አዲስ ሳሕን ገዝተው መጡና ምስር ሠሩልኝ። ሐጂ «እኔን እንዲህ አብስላልኝ አታውቅም» ብለው አጉረመረሙ። «እርስዎ ጾመኛ አይደሉማ» አሏቸው። በልቼ ሳመሰግን ወይዘሮ ዘይነባ ሳሕኑን አጥበው ከመደርደሪያው ጫፍ ለብቻው አስቀመጡትና «ይሄ የእርስዎ ነው፤ ሲመጡ ይበሉበታል» አሉኝ። ቱሉ ቦሎ ውስጥ በሰው ቤት ሳሕን የለኝም።

ዓርብ

ከጣቢያው ጓሮ አጥንቱ ሸራ ላይ ተዘርግቷል። ሹሙ፣ ማሬሻሎ የሚሉት፣ ወፍራምና ቁጡ ነው። አጠገቡ መነጽር ያደረገ ቀጭን ካፒቴን ቆሟል፤ የጦሩ የከብት ሐኪም ነው፣ ለዚሁ ጉዳይ ያን ዕለት ጠዋት ከካምፕ የመጣ። ገብሬ እጁን ታስሮ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጧል። አስካለና የሰፈሩ ሰው በአጥሩ ላይ ተደርድረዋል። ካፒቴኑ ሊናገር ሲል እኔ እጄን አነሣሁ። መጀመሪያ እኔ ልይ አልኩ። ሐጂ አስተረጎሙ። ካፒቴኑ ፈገግ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ።

ጋቢዬን አጣፍቼ ተንበረከክሁና የአንዱን ጎን ጎድን መቁጠር ጀመርኩ፣ ሰው እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ። «አንድ! ሁለት! ሦስት!» አስካለ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። «አሥራ ሁለት! አሥራ ሦስት!» አልኩና ቆም አልኩ። አጥንቱ ግን አልቆመም። አሥራ አራተኛ አለ። አሥራ አምስተኛ አለ። ድምፄ እየቀነሰ ሄደ። አሥራ ስድስተኛውን በሹክሹክታ ነው የቆጠርኩት፤ እሱም መንገዱ ውስጥ የገባው ሳይጨመር ነው። እንደገና ከመጀመሪያው ቆጠርኩ፣ ምናልባት ይቀንስ ይሆናል ብዬ። አልቀነሰም። ቅልጥሙን አነሣሁ። ታችኛው ጫፉ አልተከፈለም፤ አንድ ወጥ ነው።

ቀና ብዬ ገብሬን አየሁት። ዓይኑን ወደ መሬት ሰበረ። ያኔ መዋሸቱ ገባኝ።

ሐጂ ከማል ጎንበስ ብለው «በሬ ነው ልበል?» አሉኝ።

ካፒቴኑን አየሁት። ሰውየው ያውቃል፤ ገና ከሩቅ እንዳየው አውቋል። ብዋሽ ከገብሬ ጋር እኔም ዛፉ ሥር እቀመጣለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያስጨነቀኝ ያ ብቻ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አጥንት ይዤ ዋሽቼ አላውቅም።

«በቅሎ ናት» አልኩ።

«ጋሼ!» ብላ አስካለ ጮኸች። «ሊያድኑልኝ ነው የመጡት ወይስ ሊያስገድሉብኝ?» አጥሩ በሙሉ ተንጫጫ። ማሬሻሎው እጆቹን አጋጭቶ «አለቀ!» አለ፤ ይህን ያለ ሐጂ ተረዳሁት። ሁለት ወታደሮች ወደ ገብሬ ተራመዱ።

እኔ የማደርገው ጠፋኝ። የማደርገው ሲጠፋኝ እጄ አጥንት ይዳብሳል፣ ልማድ ነው። ወገቧን ስዳብስ እጄ ከአፌ ቀድሞ አወቀ። «ቆይ! ቆዩ ይበሏቸው፣ ሐጂ! ቢላ! ቢላ ስጡኝ!» አልኩ። ማሬሻሎው ሽጉጡን ነካ። ካፒቴኑ ግን ከኪሱ ታጣፊ ሰንጢ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ድንች መላጫ የሚያህል ነው፣ የአባቴን ቢላ ናፈቅኩ።

ሰንጢውን በወገቧ አጥንቶች መሃል አስገባሁ። አንደኛው ጋ ያልፋል። ሁለተኛው ጋ ያልፋል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስቱ ጋ አልገባም። መጋጠሚያ የለም። ሦስቱ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ ዙሪያቸው እንደ ቀለጠ ሰም ተንዠርግጓል። የኋላ ቁርጭምጭሚቷን አነሣሁ። እዚያ ያሉት ትንንሽ አጥንቶች ለየብቻ መንቀሳቀስ ነበረባቸው፤ እነሱም ተጋግረዋል። ከጎድኖቿ ሁለቱ ተሰብረው የጠገኑ ናቸው፤ ስብራቱ ያለበት ቦታ አብጧል።

«ይህች አሮጊት ናት» አልኩ። «ይህን ወገብ አይቼዋለሁ። ሃያ ዓመት ባረሰ በሬ ላይ ነው የማየው፤ ቢላዬ መግቢያ የሚያጣው እዚያ ላይ ብቻ ነው። አጥንት በአንድ ክረምት እንዲህ አይጣበቅም። ይህች በቅሎ ከመሞቷ በፊት ለዓመታት ታነክስ ነበር። ጭነት ልትሸከም ቀርቶ ዳገት መውጣት አትችልም። የጠፋችው የእናንተ በቅሎ ዕድሜዋ ስንት ነበር?»

ሐጂ አስተረጎሙ። ካፒቴኑ ከጎኔ ተንበርክኮ ቁርጭምጭሚቱን ከእጄ ወሰደ። ወደ ብርሃን አዞረው። የአከርካሪዎቹን ጫፍ በጥፍሩ ፋቀ፣ የጭኗን አጥንት ጫፍ አየ፣ ደብተሩን ገለጠ። ከዚያ ለማሬሻሎው ረጅም ነገር ነገረው። ሐጂ ፊታቸው እየበራ ሄደ። «የጠፋችው የአራት ዓመት ናት ይላል። የአራት ዓመት በቅሎ የአጥንቷ ጫፍ ገና በደንብ አልገጠመም ይላል። ይህች ግን ከሃያ በላይ ናት። ሰውየው ልክ ነው ይላል።»

ካፒቴኑ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ነገር ግን ቅልጥሙን አነሣና በጎንና በጎኑ የተለጠፉትን ሁለት ቀጫጭን አጥንቶች እያሳየኝ ማውራት ጀመረ። ዓይኑ ሌላ ሆነ። ሐጂ ላብ በላብ ሆነው አስተረጎሙ። «እነዚህ ጣት ነበሩ ይላል።»

«የማን ጣት?»

«የበቅሎዋ። የበቅሎዋ ሳይሆን የቅድመ አያቷ… ከቁጥር በላይ ዘመን በፊት የፈረስ ዘር ውሻ የምታህል ነበረች፣ ሰኮና ሳይሆን ጣቶች ነበሯት ይላል። ሌሎቹ ጣቶች እየከሱ ሄደው እነዚህ ቀሩ ይላል። አሁን እንደሷ ያለ የለም፣ ጠፍቷል።»

«ማን አያት?» አልኩ።

«ማንም አላያትም ይላል። አጥንቷን ብቻ ነው ያገኙት። ጭንቅላት ባይገኝም እግሯን አይቶ በምን መሬት እንደኖረች፣ እንዴት እንደሮጠች ማወቅ ይቻላል ይላል።»

ልከራከረው አሰብኩ። ዳዊት የደገምኩ ሰው ነኝ፤ ውሻ የምታህል ፈረስ የትም አላነበብኩም። ግን እኔም አሁን ያላየኋትን በቅሎ ታነክስ ነበር ብዬ መስክሬያለሁ። «ስንት ጣት ነበራት?» አልኩት። ካፒቴኑ ደስ ብሎት መሬቱ ላይ በጣቱ ይሥል ጀመር። እኔም የበሬ ቅልጥም ጫፉ የተከፈለው ሁለት አጥንት ስለነበረ ይሆን ወይ ብዬ አስጠየቅኩት። «ብራቮ!» ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ሐጂ ከማል ግንባራቸውን በሻሻቸው ጠርገው፣ «ሰው ሊሰቀል ታስሮ እናንተ ጣት ትቆጥራላችሁ!» አሉ፤ በአማርኛም በጣሊያንኛም።

ማሬሻሎው ከፊቱ ያለውን ጠረጴዛ በቡጢ መታው። «የጦሩ በቅሎ ካልሆነች ለምን ዋሸ? ለምን በሬ ነው አለ?»

ሁላችንም ወደ ገብሬ ዞርን። እውነትም እሱን «ለምን» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ገብሬ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወለላ ናት፣ የራሴ በቅሎ» አለ። «ጅማ ስንት ጊዜ ወስዳ መልሳኛለች። ጊቤ ሲሞላ እኔ ጭራዋን ይዤ ነው የወጣሁት። ገደል ወድቃ ጎኗን የተሰበረችውም ከእኔ ጭነት ጋር ነው። ኋላ እግሯ ሲይዛት፣ አስካለን ‹ትንሽ ትረፍ፣ ትንሽ ትረፍ› እያልኩ ሦስት ዓመት አቆየኋት። ስትሞት ጎትቼ ለጅብ መስጠት አቃተኝ። አልቻልኩም። ቀበርኳት።» በአጥሩ ላይ የተደረደሩትን ሰዎች ሰረቅ አድርጎ አየ። «በቅሎ እንደ ሰው ቀበረ ሊሉኝ ነው። ስለዚህ ለሩቅ ነጋዴ ሸጥኳት አልኩ። አጥንቷ ሲወጣ ደግሞ በሬ ነው አልኩ።»

ማሬሻሎው ጆሮውን ማመን አቃተው። «ሊሰቅሉህ እንደሆነ እያወቅክ?»

«መሰቀል የአንድ ቀን ነው» አለ ገብሬ። «የቀራንዮ ሰው ሲስቅብህ ግን ዕድሜ ልክህን ነው።»

የቀራንዮ ሰው ሳቀ። አጥሩ እስኪነቃነቅ ሳቀ። አስካለ ብቻ አልሳቀችም። «በምን ጠቅልለህ ቀበርካት?» አለችው።

«በጋቢ።»

«በየትኛው ጋቢ?»

ገብሬ ወደ ታሰረው እጁ አቀረቀረ።

«የሠርጌን ጋቢ! እኔ አጣቢዋን ሌባ ብዬ ያባረርኩበትን!»

ማሬሻሎው ምን አለች ብሎ ጠየቀ። ሐጂ «የቤት ጉዳይ ነው» አሉት። ማሬሻሎው ባለትዳር ሳይሆን አይቀርም፤ ገብሬን በሐዘኔታ አየው። ገመዱን ፍቱለት አለ። የጠፋችዋ የጦሩ በቅሎ የት እንዳለች እኔ አላውቅም፤ ሰፈሩ ግን አርበኞቹ ሆለታ ዱር ውስጥ ሲጭኑባት አይቷታል።

ገብሬ እጁ ተፈትቶ ገና ሲነሣ ካፒቴኑ ቀረበው። የኋላ እግሯን እንዲሰጠው ጠየቀ፤ ለወጣት ሐኪሞች ማሳያ ሊያደርጋት። በትሕትና ነው የጠየቀው፣ ባርኔጣውን አውልቆ። እኔ «ስጠውና እንሂድ» አልኩ በሆዴ። ከገመድ ያመለጠ ሰው አንድ ቅልጥም ምኑ ነው? ገብሬ ለሳምንት «እሺ ጌታዬ» ሲል የከረመ ሰው ነው። ቀና አለና «አልሰጥም» አለ።

ሐጂ ሊያስተረጉሙ ፈሩ። ማስተርጎምም አላስፈለገም። ካፒቴኑ እግሯን ሸራው ላይ ከቦታዋ መለሳት፣ ባርኔጣውን አደረገ።

ቅዳሜ

መመለሻዬን አልጽፍም፤ ያው ጭቃ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አጥንቱን በሸራ ተሸክመን ወደ ገብሬ ጓሮ አመጣነውና ከመንገዱ ራቅ አድርገን ቆፈርን። የሰፈሩ ሰው ሊስቅ መጣ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መጣ፤ ሐጂ ከማል ወንበር ይዘው መጡ። «ፍትሐቱን ማን ያደርሳል?» ይላል አንዱ። «ሠልስቷ መቼ ነው?» ይላል ሌላው። ገብሬ ጆሮው ቀልቷል፣ መቆፈሩን ግን አላቆመም። አስካለ ከቤት ወጥታ አሮጌ ነጠላ ወረወረችለት። «ጋቢ አላመጣም!» አለችው።

ገብሬ ሸራውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ሊገለብጠው ሲል እጁን ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም። ነጠላውን ጉድጓዱ ውስጥ አነጠፍኩና ገባሁ። «አቀብለኝ» አልኩት።

መጀመሪያ ዳሌዋን አስቀመጥኩ። ከዚያ ያን የተጣበቀ ወገቧን። ከዚያ ጀርባዋን፣ አንድ በአንድ፣ ትልቁ ከትንሹ በፊት። ጎድኖቿን በግራና በቀኝ በየቦታቸው ደረደርኩ። ሠላሳ ዓመት መጋጠሚያ ፈልጌ ስለያይ ነው የኖርኩት። መግጠም በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከመለያየት በጣም ይከብዳል። ሁለት ጊዜ ተሳስቼ አነሣሁ። የሚያቀብለኝ ገብሬ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ሲስቁ የነበሩት ሰዎችም አጥንት እያነሡ «ይሄስ የት ነው?» ይሉኝ ጀመር። ፍትሐት ማን ያደርሳል ያለው ሰውዬ የጭራዋን አጥንቶች በመሐረቡ ሰብስቦ አቀበለኝ። የኋላ እግሮቿን ስገጥም ቀጫጭኖቹን አጥንቶች ከጎንና ከጎን አስገባኋቸው። ጣት ይሁኑ አይሁኑ እግዜር ይወቅ፤ የእሷ ናቸው።

ስጨርስ ከጉድጓዱ ወጣሁ። ከጎድኗ ወደ ፊት ያለው ቢጎድልም፣ የተኛች በቅሎ መሆኗን ለማወቅ ብልት አውጪ መሆን አያስፈልግም ነበር። ገብሬ አካፋውን አነሣ፣ አፈር ሞላበት፣ ሊመልሰው ጎንበስ አለና ቆመ።

«ትንሽ እንቆይ» አለኝ።

ቆየን።